12 ከፍቶ ከመቆም 7 ከፍቶ መጨረስ፦ የወታደራዊ ጥገና እቅድ እንዴት ይሠራል?

ሲ-5 ጋላክሲ የሚባለው የአሜሪካ አየር ኃይል ዕቃ ጫኝ አውሮፕላን ርዝመቱ 75 ሜትር ገደማ ነው። 28 ጎማ አለው። አፍንጫው ወደ ላይ ይከፈትና ሁለት ኤብራምስ ታንክ ይውጣል። ይህ አውሮፕላን በየተወሰነ ዓመቱ ጆርጂያ ግዛት ወደሚገኘው የሮቢንስ አየር ኃይል ሰፈር ይመጣና ሃንጋር ይገባል። ከዚያ ቀለሙ ይላጣል፣ ወለሉ ይነሳል፣ የክንፉ ክዳኖች ይፈታሉ። ለወራት አይበርም።

ለስንት ወራት? ጥያቄው ይሄ ነው።

ስለ ጦር መሣሪያ ሲወራ ሁሌ የሚቆጠረው ብዛት ነው። እነ እገሌ ይህን ያህል ታንክ አላቸው፣ እነ እገሌ ይህን ያህል ጄት ገዙ ይባላል። ዛሬ ጠዋት ሞተሩን አስነስቶ መሄድ የሚችለው ስንቱ ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። መልሱ በአብዛኛው ያለው ከጦር ሜዳ ርቆ፣ የጥገና ፕሮግራም የሚያወጡ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች ሜዳልያ አያገኙም። ሥራቸው ግን ከባድ ነው፤ በደንብ ሊታወቅላቸውም ይገባል ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ ሥራውን ከባድ የሚያደርገውን እንይ። አዲስ ዕቃ ማምረትና አሮጌ ዕቃ ማደስ ለየቅል ናቸው። አዲስ የሚያመርት ፋብሪካ ስንት ብሎን እንደሚፈልግ አስቀድሞ ያውቃል። የዛሬው ምርት ከትናንቱ አይለይም። የሚያድስ ሰው ግን ምን እንደሚጠብቀው የሚያውቀው ከፈታ በኋላ ነው። መኪናውን ጋራዥ አስገብቶ የሚያውቅ ሰው ይሄ ይገባዋል። ለፍሬን ሸራ ብለህ ትገባለህ፤ መካኒኩ ጎማውን ሲያወርድ ኩሽኔታውም አልቋል ይልሃል። የአንድ ሰዓቱ ሥራ ሁለት ቀን ይሆናል፤ ኩሽኔታው ገበያ ላይ ከጠፋ ደግሞ ሳምንት።

አሁን ይህንን በሲ-5 መጠን አስበው። የመጨረሻው ሲ-5 ከፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ አዲስ አልተሠራም። አንዱ አውሮፕላን ዕድሜውን ባሕር አጠገብ ጨው ሲጠጣ ኖሯል። ሌላው በረሃ ላይ ሲያርፍ ሲነሳ ከርሟል። ሁለቱም ሲ-5 ይባላሉ። ሲከፈቱ ግን አንዱ ከሌላው አይገናኝም። አንዱ ወለሉ ሥር ዝገት ይገኝበታል፤ ሌላው ቆዳው ላይ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ።

ታዲያ እቅድ አውጪው ያላየውን ነገር እንዴት ያቅዳል? ካለፈው በመነሳት ነው። ለምሳሌ ባለፉት 20 አውሮፕላኖች ላይ አንድ ዓይነት ድጋፍ ብረት በ6ቱ ተቀይሮ ከሆነ፣ ለሚቀጥለው 30 በመቶ ብሎ ይይዛል። ለአሥር አውሮፕላን ሦስት ያዛል ማለት ነው። በሺህ ለሚቆጠር ዕቃ እንዲህ እያለ ይሄዳል። 30 በመቶው ግን አማካይ ነው። አንድ አውሮፕላን ላይ ብረቱ ወይ ይቀየራል ወይ አይቀየርም፤ 30 በመቶ ተቀየረ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ አንድ ወር ሦስት ዕቃ ስቶር ውስጥ አቧራ ይጠጣል፣ በሚቀጥለው ወር አራት ተፈልጎ አንድ ይጎድላል። እቅዱ ተሳሳተ ማለት አይደለም፤ የሥራው ባሕርይ ነው።

ዴፖ በሚባሉት የአሜሪካ ጦር ትልልቅ የጥገና ማዕከሎች ይህ ሥራ ለተለያዩ ሰዎች ይከፋፈላል። አንደኛው ምን እንደሚሠራ ይወስናል፤ ማለትም የትኛው ክፍል እንደሚፈታ፣ በየትኛው መመሪያ እንደሚሠራ፣ ምን ሙያ፣ ስንት ሰዓትና ምን ዕቃ እንደሚያስፈልግ። ሁለተኛው መቼና በምን ቅደም ተከተል የሚለውን ያወጣል። ሦስተኛው በየቀኑ ሃንጋር እየወረደ እቅዱና እውነታው የት ላይ እንደተለያዩ ይከታተላል። በመንግሥት የሥራ መደብ ዝርዝር ውስጥ ይህ የምርት ቁጥጥር ሙያ የራሱ ቁጥር አለው፣ 1152 ይባላል። ብዙዎቹ ራሳቸው ቁልፍ ይዘው የሠሩ መካኒኮች የነበሩ ናቸው፤ መሆንም አለባቸው ባይ ነኝ። ክንፍ ውስጥ ተኝቶ ብሎን ያልፈታ ሰው ያ ብሎን ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ከወረቀት አያውቀውም።

ሥራው ሁሉ ወደ ሥራ ካርድ ይበተናል። አንድ ካርድ አንድ ሥራ ነው። ይህን ክዳን ፍታ፣ ይህን ቦታ መርምር፣ ፈርም። እያንዳንዱ ካርድ መደበኛ ሰዓት አለው። የካርዶቹ ሰዓት ሲደመር የአውሮፕላኑ ጠቅላላ ሰዓት ይወጣል። እዚህ ላይ አንድ ብዙ ሰው የሚስተው ሒሳብ አለ። አንድ ሠራተኛ በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠራ በዓመት 2,080 ሰዓት ይሆናል። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የዴፖዎቹን አቅም ሲለካ ግን የሚይዘው 1,615 ሰዓት ብቻ ነው። ቀሪው በዕረፍት፣ በበዓል፣ በሕመም፣ በሥልጠናና በመሳሰለው ይሄዳል። 2,080 ብሎ ያቀደ ሰው ገና ከመጀመሪያው ቀን ከአምስት ሠራተኛ አንዱን የሌለ ሰው አድርጎ ቆጥሯል።

አንድ ትልቅ አውሮፕላን 32,300 ሰዓት ይፈልጋል እንበል። በ1,615 ሲካፈል 20 ሰው ለአንድ ዓመት ማለት ነው። ታዲያ 80 ሰው አስገብተን በሦስት ወር ለምን አንጨርሰውም? የማይሆነው ቦታ ስለሌለ ነው። የነዳጅ ታንክ ውስጥ የሚገባው አንድ ሰው ነው፤ ሌላ ሰው ደግሞ ውጭ ቆሞ ይጠብቀዋል። አውሮፕላኑ በጃክ ሲነሳ እሱን የሚያናውጥ ሥራ ሁሉ ይቆማል። የሃይድሮሊክ (የዘይት) ግፊት ሲበራ የክንፍና የጅራት ክፍሎች ይንቀሳቀሳሉ፤ በዚያን ሰዓት እጁን እዚያ ያስገባ ሰው እጁን ያጣል። ኤሌክትሪክ ጠፍቶ የሚሠራ ሥራ አለ፣ በርቶ ብቻ የሚሞከርም አለ። ቀለም ሲቀባ ሌላው ሁሉ ይወጣል። ስለዚህ ፕሮግራም የሚያወጣው ሰው የሚያደላድለው የሰው ጉልበት ብቻ አይደለም። ቦታን፣ ግፊትን፣ መብራትን፣ ጃክን፣ የቀለም ቤቱን ተራ ሁሉ ነው። አንዱ ሥራ ግማሽ ቀን ሲዘገይ ሌሎች አምስት ሥራዎች ቦታቸውን ይለቃሉ።

ነገሩን በቅርብ ለማየት አንድ ጠዋት እንውሰድ። መካኒኩ የዕቃ መጫኛውን ወለል አንስቶ ከሥሩ ያለውን ምሰሶ ያጸዳል። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ያያል። የአሉሚኒየም ዝገት ነው። ይፍቀዋል፤ ጥልቀቱን ይለካል። መመሪያው እስከዚህ ድረስ መፋቅ ይቻላል ይላል፤ የተገኘው ከዚያ ያልፋል። በራሱ ውሳኔ መቀጠል አይችልም። በአየር ኃይሉ ዴፖዎች 202 በሚባለው ቅጽ ለኢንጂነር ይጽፋል። ኢንጂነሩ አይቶ፣ አስልቶ፣ እንዲህ ጠግኑት ብሎ እስኪመልስ ያ ሥራ ይቆማል። መልሱ በአንድ ቀን ከመጣ ችግር የለም። በሁለት ሳምንት ከመጣ ወለሉ ተነስቶ፣ ወለሉ ላይ የሚያርፈው ሁሉ ተደርድሮ ይጠብቃል። ጎበዝ ፕሮግራም አውጪ እንዲህ ያለ ጉድ የሚወጣባቸውን ቦታዎች ስለሚያውቃቸው መጀመሪያ ያስከፍታቸዋል። ፍተሻውን ወደ ፊት ማምጣት፣ መጥፎውን ዜና በመጀመሪያው ሳምንት መስማት፣ የሙያው ትልቁ ጥበብ እሱ ነው። በመጨረሻው ወር የተገኘ ስንጥቅ ያው ስንጥቅ ነው፤ ዋጋው ግን ብዙ እጥፍ ነው።

ሌላው ራስ ምታት መለዋወጫ ነው። የ1960ዎቹን ዕቃ የሠራው ኩባንያ ዛሬ ላይኖር ይችላል። ሌላ አምራች ይፈለጋል፣ ናሙና ይሠራል፣ ይፈተሻል፤ ወራት ይበላል። በዚህ መሃል አንድ ፈታኝ መፍትሔ አለ፤ ከጎን ከቆመው አውሮፕላን ፈቶ መውሰድ። ለዛሬ ያድናል። ነገር ግን አንድ ጊዜ የሚሠራው ሥራ ሁለት ጊዜ ይሠራል። ከዚያኛው ይፈታል፣ እዚህ ይገጠማል፣ አዲሱ ሲመጣ እዚያ ደግሞ ይገጠማል። ሲፈታ የሚሰበርም አለ። የተዘረፈው አውሮፕላን ደግሞ ቀስ በቀስ የሁሉም ስቶር ይሆንና መቼም የማይነሳ ይመስላል።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ እንምጣ። በ2000ዎቹ አጋማሽ በዚያው በሮቢንስ ሰፈር ያለው የዋርነር ሮቢንስ የጥገና ማዕከል 12 ሲ-5 በአንድ ጊዜ ይዞ ነበር። አየር ኃይሉ በዚያን ጊዜ ወደ ኢራቅና አፍጋኒስታን የሚጭነው ብዙ ነበር፤ አውሮፕላኖቹ እንደ ውሃ ይፈለጋሉ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚለው ሠራተኛ ይጨመር፣ ኦቨርታይም ይሰጥ ነው። ማዕከሉ ያደረገው ሌላ ነው። በአንድ ጊዜ የሚከፈተውን ቁጥር ቀነሰ። በ8 ወር ውስጥ 12 የነበረው ወደ 7 ወረደ። አምስቱ አውሮፕላኖች ወደ በረራ ተመለሱ። ማዕከሉ በዚህ ሥራው በ2006 ኦፕሬሽንስ ሪሰርች በሚባለው፣ ሥራን በሒሳብ በማቀላጠፍ ሙያ ትልቅ ስም ያለውን የፍራንዝ ኤደልማን ሽልማት አገኘ።

ትንሽ ከፍቶ ብዙ መጨረስ እንዴት ይሆናል? ቀላል ሒሳብ ነው። አንድ ቡድን ሦስት አውሮፕላን ላይ ሥራ አለው እንበል። እያንዳንዱ 10 ቀን ይፈጃል። ሦስቱም አለቆች የኔን ቶሎ ስላሉት አምስት አምስት ቀን እያፈራረቀ ይሠራል። የመጀመሪያው በ20ኛው ቀን ያልቃል፣ ሁለተኛው በ25ኛው፣ ሦስተኛው በ30ኛው። አሁን አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን አይነካም እንበል። የመጀመሪያው በ10ኛው ቀን ያልቃል፣ ሁለተኛው በ20ኛው፣ ሦስተኛው በ30ኛው። ማንም አልተጎዳም፤ ሁለቱ ግን አሥርና አምስት ቀን ቀድመው በረሩ። ያውም መሣሪያ መሰብሰቢያውን፣ የት ነበር ያቆምኩት ብሎ ማስታወሻውን፣ የፈረቃ መረካከቡን ሳንቆጥር።

ከኋላው የታወቀ ሕግ አለ፤ ጆን ሊትል የተባለ አሜሪካዊ በ1961 በሒሳብ አረጋግጦታል። ሃንጋር ውስጥ ያለው ብዛት ማለት በወር የሚወጣው ሲባዛ አንዱ የሚቆይበት ጊዜ ነው። በወር አንድ የሚወጣ ከሆነና ውስጥ 12 ካሉ፣ እያንዳንዱ 12 ወር ይቆያል። ውስጥ 7 ብቻ ካሉና በወር አንድ መውጣቱ ካልተቀነሰ፣ እያንዳንዱ 7 ወር ይቆያል። 12ቱን ያቆየው የሥራው ብዛት ሳይሆን ወረፋው ነው። አብዛኛውን ጊዜ አውሮፕላኑ ላይ ማንም እየሠራ አልነበረም፤ ዕቃ፣ ኢንጂነር ወይም ተራ እየጠበቀ ነበር።

ሮቢንስ የተጠቀመው ዘዴ ወሳኝ ሰንሰለት ይባላል። በ1997 ያስተዋወቀው ኤሊያሁ ጎልድራት የተባለ እስራኤላዊ የፊዚክስ ሰው ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው። አንድን ሰው ይህ ሥራ ስንት ቀን ይፈጅብሃል ስትለው በልቡ 10 እያለ በአፉ 15 ይላል። ቢዘገይ እንዳይወቀስ ነው፤ አይፈረድበትም። ችግሩ 15 ቀን ከተሰጠው 15ቱንም ይወስዳል። ቀድሞ ቢጨርስም አይናገርም፤ ቢናገር በሚቀጥለው 10 ብቻ ይሰጡታል። ስለዚህ ለጥንቃቄ የተጨመሩት ቀናት በየሥራው ውስጥ ተበትነው ውሃ ይበላቸዋል። ጎልድራት ከየሥራው ላይ አንሷቸውና በአንድ ላይ መጨረሻው ላይ አስቀምጧቸው አለ። የጋራ መጠባበቂያ ይሆናሉ። አንዱ ሲዘገይ ከጋራው ይበላል፤ ሌላው ሲቀድም ይመልሳል። አለቃው በየጠዋቱ የሚያየው ይህን መጠባበቂያ ነው። ሥራው ሩብ ሄዶ መጠባበቂያው ግማሽ ካለቀ ቀይ ይበራል። እገዛው፣ ኢንጂነሩ፣ መለዋወጫው መጀመሪያ ወደዚያ ይሄዳል። የሁሉም አውሮፕላን አለቃ የኔ ይቅደም እያለ መጮኹ ያበቃል፤ ቅደም ተከተሉን ቁጥሩ ይናገራል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ጥብቅ ደንብ አለ፤ ሳይሟላ አትጀምር። ለአንድ ሥራ የሚያስፈልገው ዕቃ፣ መሣሪያ፣ መመሪያና ሰው ሁሉ በአንድ ጋሪ ላይ እስኪሟላ ያ ሥራ አይከፈትም። ስትሰማው ቀላል ነው። መተግበሩ ግን አንጀት ይጠይቃል። አውሮፕላኑ በር ላይ ቆሟል፤ ሠራተኛው እጁን አጣምሯል፤ ጄኔራሉ ስልክ ይደውላል። ከአሥሩ ዕቃ ዘጠኙ አለ። ግዴለም እንጀምረው፣ አሥረኛው በመሃል ይደርሳል ማለት ምን ያህል እንደሚያጓጓ መገመት አያቅትም። አሥረኛው ሳይደርስ ሲቀር የተከፈተው ሥራ ቦታ ይዞ፣ ጃክ ይዞ፣ ለሌላው መንገድ ዘግቶ ይቆማል። በኔ እምነት የጥሩ እቅድ አውጪ መለኪያ በዚያች ሰዓት እምቢ ማለት መቻሉ ነው። የሱ አለቃ መለኪያ ደግሞ እምቢ ያለውን ሰው መደገፉ።

እምቢ ማለትን የሚያከብደው የገንዘቡ አሠራርም ነው። የአሜሪካ ዴፖዎች እንደ ንግድ ቤት ይሠራሉ። ደንበኛው የጦር ክፍል በሰዓት ሒሳብ ይከፍላቸዋል፤ ዋጋው አስቀድሞ ይቆረጣል። የተሸጠው ሰዓት ካነሰ ኪሳራ ይመጣል። ስለዚህ ሁሉም ሰው ሁሌ ሥራ ላይ ሆኖ መታየት አለበት የሚል ጫና አለ፤ ሌላ አውሮፕላን ለመክፈትም ምክንያት ይሆናል። የበጀት ዓመቱ ኦክቶበር 1 ይጀምራል፤ ምክር ቤቱ በጀቱን ካዘገየ የታቀደው ሥራ ይንገዋለላል። ሌላም ሕግ አለ። አየር ኃይሉም ሆነ ሌሎቹ ለዴፖ ጥገና ከሚያወጡት ገንዘብ ከግማሽ በላይ ለግል ኩባንያ መስጠት አይችሉም። ጦርነት ሲመጣ ሙያው በመንግሥት እጅ እንዲኖር ተብሎ ነው። ለእቅድ አውጪው ግን ሲጨናነቅ ወደ ውጭ የሚገፋው ሥራ ጣሪያ አለው ማለት ነው።

ቦሌ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሃንጋር የሚሠሩ ሰዎች ሲ-ቼክ የሚሉት ከባድ ፍተሻም የዚሁ ዘመድ ነው። ካርዱ፣ ፍተሻው፣ ያልተጠበቀው ዝገት ሁሉ አንድ ነው። አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የመንገደኛ አውሮፕላን አንድ ቀን መሬት ላይ ሲውል ያልተሸጠው ትኬት በብር ይታወቃል። ስለዚህ ቀን ሲባክን የሚጮህ ሰው አለ። የጦር አውሮፕላን ትኬት አይሸጥም። የባከነው ቀን በማንም ሒሳብ መዝገብ ላይ አይታይም። ማንም ካልቆጠረው ደግሞ ቀኑ ዝም ብሎ ይሄዳል።

ሳይቆጠር ሲሄድ ምን እንደሚመጣ ለማየት ወደ ባሕር ኃይሉ መሄድ ይበቃል። ቦይሲ የምትባለው በኒውክሌር የምትሠራ ሰርጓጅ መርከብ በ2015 ከግዳጅ ተመለሰች። ለእድሳት መግባት ነበረባት። ባሕር ኃይሉ አራት የራሱ የመርከብ ማደሻዎች አሉት፤ ኖርፎክ፣ ፖርትስመዝ፣ ፒውጀት ሳውንድና ፐርል ሃርበር። ተራው መጀመሪያ የሚሰጠው የኒውክሌር ሚሳይል ለሚይዙት ሰርጓጆችና ለአውሮፕላን ተሸካሚዎች ነው። አጥቂ የሚባሉት የቦይሲ ዓይነቶቹ መጨረሻ ላይ ናቸው። ከፊቷ የነበሩት በዘገዩ ቁጥር የሷ ተራ ወደ ኋላ ሄደ። በ2017 የመጥለቅ ፈቃዷ አበቃ። መጥለቅ የማይፈቀድላት ሰርጓጅ ሆና ወደብ ላይ ቀረች። የዋናው እድሳት ውል የተፈረመው በ2024 ነው፤ ዋጋው 1.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ። የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በ2018 ባወጣው ሪፖርት ከ2008 ጀምሮ ያሉትን አጥቂ ሰርጓጆች ሲደምር፣ ማደሻ ለመግባትና ከማደሻ ለመውጣት በመዘግየት የባከነው 10,363 ቀን ሆኖ ተገኘ። በእነዚያ ቀናት ባሕር ኃይሉ ለመርከበኞቹ ደመወዝ ይከፍላል፣ መርከቦቹንም ይጠብቃል። መርከቦቹ ግን የትም አይሄዱም።

የሮቢንስን ዘዴ እዚያ ወስዶ መገልበጥ ይበቃል አልልም። መርከብ ማንሻ ገንዳ ከሌለ ቅደም ተከተል ማሳመር ገንዳ አይፈጥርም። የሌለ መለዋወጫም በፕሮግራም አይመረትም። እቅድ የሚያደርገው የጎደለው ምን እንደሆነ በጊዜ ማሳየት ነው፤ ገንዳ የሚሠራው፣ ባለሙያ የሚቀጥረው ሌላ ሰው ነው። እቅድ አውጪው ከአምስት ዓመት በፊት አልበቃንም ብሎ ጽፎ ከሆነና ማንም ካልሰማው፣ መርከቧ ስትቆም ጥፋቱን ወደሱ መወርወር ነውር ነው።

አውሮፕላኑ ተገጣጥሞ፣ ነዳጅ ተሞልቶ፣ የሙከራ በረራውን አልፎ ወደ ጦር ክፍሉ ሲመለስ ለእቅድ አውጪው ሌላ ሥራ ይጀምራል። የተዘጉት ካርዶች ይመረመራሉ። 6 ሰዓት የተባለው ሥራ 11 ከፈጀ ለምን ተብሎ ይጠየቃል። ደጋግሞ ከፈጀ መደበኛ ሰዓቱ ይታረማል። ያ 30 በመቶ የተባለው ድጋፍ ብረት በዚህኛውም ተቀይሮ ከሆነ መጠኑ ከፍ ይላል፤ ትዕዛዙም አሁኑኑ ይወጣል፤ ዕቃው የሚመጣው ከብዙ ወራት በኋላ ነውና። ካርዱን በታማኝነት ያልሞላ መካኒክ፣ 11 ሰዓት ሠርቶ 6 ብሎ የፈረመ፣ ሳያስበው የሚቀጥለውን አውሮፕላን እያዘገየ ነው። አለቃውም እውነተኛውን 11 ያየ ቀን መካኒኩን የሚቆጣው ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ ሁሌ 6 የሚል ወረቀት ይደርሰዋል፤ የሚቀጥለው እቅድም በዚያው 6 ላይ ይሠራል።